አዋሽ የት ይገባል?

ስለ ዓባይ የተዘፈነው ተቆጥሮ አያልቅም። ተረቱም እንደዚያው ነው፤ «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን፣ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንላለን። ለአዋሽ ግን ይህን ያህል የደከመ የለም። ስሙ የሚነሳው ወይ ባንክ ሲጠራ ነው፣ ወይ ደግሞ ነሐሴ ላይ ጎርፍ መጣ ሲባል።

ለእኔ ይህ ትንሽ ግፍ አለበት። አገራችን ውስጥ እንደ አዋሽ የሚሠራ ወንዝ የለም። መብራት ያመነጫል፣ ሸንኮራ ያበቅላል፣ ጥጥ ያጠጣል፣ ከተማ ያጠጣል፣ የከተማውን ቆሻሻም ተሸክሞ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ በትንሽ ውሃ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰው ውሃ ቢጠራቀም፣ ዓባይ በሱዳን ድንበር ከሚያወጣው አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም።

ሌላም ነገር አለው። ባሕር አይደርስም። ተረቱ ለዓባይ ማደሪያ ይንፈገው እንጂ አዋሽ ማደሪያ አለው። እዚሁ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ የሚባል ጨዋማ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ያልቃል። የወንዙን ጠባይ፣ ጥቅሙንም ጣጣውንም ለመረዳት ይህችን ነገር መያዝ ይበቃል።

እስቲ ከላይ እንጀምር። ሐምሌ ላይ እንጦጦ ጫፍ የወረደ ዝናብ ሁለት ዕጣ አለው። ከጋራው በስተሰሜን የወደቀው ወደ ሙገር ተፋሰስ ይወርዳል፣ ከዚያ ዓባይን ይቀላቀላል፣ ሱዳንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይገባል። በስተደቡብ የወደቀው ግን በቀበና በግንፍሌ አድርጎ አዲስ አበባን ሰንጥቆ አቃቂ ይገባል፤ አቃቂ ደግሞ የአዋሽ ገባር ነው። በጥቂት እርምጃ ልዩነት አንዱ ጠብታ እስክንድርያ፣ ሌላው አፋር።

ስለዚህ አዲስ አበቤ ወደደም ጠላም የአዋሽ ሰው ነው። ገፈርሳም ለገዳዲም የአቃቂ ወገን ናቸው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚሳበው ውሃም የዚሁ ተፋሰስ ነው። ቧንቧችንን ስንከፍት የሚወርደው ከአዋሽ ቤት የመጣ ነው፤ ታጥበንበት የምንደፋውም ተመልሶ እዚያው ይገባል።

ወንዙ ራሱ የሚነሳው ግን ከአዲስ አበባ አይደለም። ምንጩ በስተምዕራብ፣ ጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ነው። ከዚያ በበቾ ሜዳ ተንቀራፎ ያልፋል። በጣም ለጥ ያለ አገር ስለሆነ ክረምት በገባ ቁጥር ማሳው ውሃ ይተኛበታል፤ ገበሬውም ውሃው እስኪሸሽ ጠብቆ ጤፉንና ሽምብራውን ይዘራል። ቀጥሎ መልካ ቁንጥሬ ነው። ከዚያ ቆቃ ይደርሳል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚለወጠው።

ቆቃ አካባቢ አዋሽ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይገባል። ስምጥ ሸለቆ ማለት የመሬት ቅርፊት ወዲያና ወዲህ ሲሳሳብ መሃሉ የሰመጠበት ቦታ ነው። ግራና ቀኙ ገደል፣ መሃሉ ዝቅ ያለ። ውሃ እዚያ ከገባ መውጫ የለውም፤ ሸለቆው ወደሚዘቀዝቅበት ይከተላል። ሸለቆው የሚዘቀዝቀው ደግሞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲወርድ የነበረው ወንዝ በዚህ ምክንያት ዞሮ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይነጉዳል። በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በፈንታሌ ተራራ ሥር፣ ፏፏቴውን ወርዶ በአዋሽ ሰባት ኪሎ አጠገብ፣ ከዚያ በአሚባራ፣ በገዋኔ አድርጎ ወደ ዱብቲና አሳኢታ። በመንገዱ ላይ ከሰም፣ ቦርከና፣ ሚሌ፣ ሎጊያ ከሰሜን ሸዋና ከወሎ ደጋ እየወረዱ ያግዙታል። ጠቅላላ ጉዞው 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ወደ ጅቡቲ በመኪና የሄደ ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል። ሞጆ፣ አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ። አስፋልቱ የወንዙን ሸለቆ ይዞ ነው የሚወርደው። የአገሪቱ የወጪና የገቢ ዕቃ አብዛኛው በዚህ ሸለቆ ያልፋል። የመኪና መንገድ ያወጡት መሐንዲሶች ቀላሉን ቁልቁለት ሲፈልጉ፣ ወንዙ ቀድሞ አግኝቶላቸዋል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ተጉዞ ባሕሩ እየቀረበው ለምን ያልቃል? ከአቤ ሐይቅ እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ ቀጥታ ቢለካ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ ማለት ነው። ግን መሃል ላይ በእሳተ ገሞራ የተነሳ ደጋማ አለት ቆሟል። ሐይቁ ያረፈው ዙሪያው በታጠረ ጎድጓዳ ላይ ነው። ወንዙም አቅም ያጣል፤ ደጋው ላይ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፣ አሳኢታ በኩል ግን 200 እንኳ አይሞላም፣ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከሚመጣው የሚተነው ይበልጣል።

ፈረንጆቹ ለረጅም ጊዜ የወንዙ መጨረሻ እንቆቅልሽ ሆኖባቸው ነበር። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲገር በ1926 ዓ.ም. ከአዋሽ ጣቢያ ተነስቶ፣ ወንዙን ተከትሎ በአውሳ ሱልጣኔት በኩል እስከ አቤ ድረስ ሄደ። «የአዋሽን መጨረሻ ደረሰበት» ተብሎም ስሙ ገነነ። አፋሮች ግን ከሐይቁ ዳር ዘላለም ግመል ሲያሰማሩ የኖሩ ናቸው፤ የጠየቃቸው ቢኖር ይነግሩት ነበር።

አቤን በፎቶ እንኳ ያላያችሁ ብትፈልጉት ደስ ይለኛል። ዳርቻው ላይ የኖራ ድንጋይ ምሰሶዎች ቆመዋል፣ አንዳንዶቹ እስከ 50 ሜትር። ፍል ውሃ ከሥር እየፈላ ሲወጣ የያዘውን ኖራ እየጣለ የሠራቸው ናቸው። አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ ዛሬም እንፋሎት ይወጣል። ሲሠሩ ሐይቁ ውስጥ ነበሩ፤ አሁን ደረቅ ላይ የቆሙት ሐይቁ ስለሸሸ ነው። ሐይቁ ደግሞ የሸሸው በከፊል እኛው ላይኛው በኩል ስለጠጣነው ነው።

ወደ ሥራው እንምጣ። የዘመናዊው አዋሽ ታሪክ በሁለት ነገር ይጀመራል ማለት ይቻላል፤ በስኳርና በመብራት። በ1946 ዓ.ም. ኤችቪኤ የሚባል የሆላንድ ኩባንያ ወንጂ ላይ የአገሪቱን የመጀመሪያ ትልቅ የስኳር ፋብሪካ ከፈተ። በ1952 ደግሞ የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ። የግድቡ ገንዘብ የመጣው ጣሊያን ለወረራው ከከፈለችው የጦር ካሳ ነው። የቆቃ ተርባይኖች አቅም 43 ሜጋ ዋት ብቻ ነው። ዛሬ ከትልልቆቹ ግድቦች ጎን ሲቀመጥ ትንሽ ይመስላል፤ በጊዜው ግን የአዲስ አበባን ሌሊት የለወጠ ነበር።

ጎበዝ ሥራው ግን ከቆቃ በታች ነው። ቆቃ ላይ ተርባይን ያዞረው ውሃ ትንሽ ወርዶ አዋሽ ሁለት ላይ እንደገና ያዞራል። ከዚያም አዋሽ ሦስት ላይ። እነዚህ ሁለቱ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተጨመሩ ናቸው። አንድ ውሃ ሦስት ጊዜ ይሠራል፣ ከዚያ ደግሞ ወደ መስኖ ይሄዳል። የቆቃ ዋናው ጥቅም ታዲያ መብራቱ ብቻ አይደለም። የክረምቱን ውሃ ይዞ በበጋ ይለቃል። ይህ ባይኖር ኖሮ መተሐራና አሚባራ ላይ ያን ሁሉ ሸንኮራና ጥጥ በበጋ ማጠጣት አይታሰብም ነበር።

በ1954 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። አንድን ወንዝ ከላይ እስከ ታች በአንድ መሥሪያ ቤት ለመምራት በአገራችን የተደረገ የመጀመሪያ ሙከራ ነው። ቀጥሎ የውጭ ኩባንያዎች መጡ፣ ተንዳሆ ላይ ጥጥ ተዘራ። በ1967 መሬት ሲወረስ እርሻዎቹ የመንግሥት ሆኑ። የሠራተኛው አብዛኛው ከደጋ የመጣ ነበር፤ ጥጥ ለቀማ ወርዶ ወባ ይዞት የተመለሰ ዘመድ ያላቸው ብዙ ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ሒሳብ አለ። ለልማት «ባዶ» የተባለው መሬት ባዶ አልነበረም። አፋር ከብቱንና ግመሉን ክረምት ሜዳው ላይ በትኖ ያሰማራል፤ በጋ ሲመጣና ሜዳው ሲከስል ወደ ወንዙ ዳር ይሰበስባል። ወንዙ ሞልቶ ተኝቶበት የሸሸው መሬት ላይ ሣር ይኖራላ። ዓመቱን የሚያሻግረው ይህ ሣር ነው። እርሻው የወሰደው ደግሞ ልክ ይህንኑ መሬት ነው። በሄክታር ብታዩት ከአፋር ምድር ጥቂት ነው፤ ግን ሁሉም የሚያርፍበት ጥቂት ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ድርቅ ሲመጣ መሸሻው ጥጥ ተዘርቶበት ስለነበር አፋር ክፉኛ ተጎዳ። ስለ ወሎ ረሃብ ስናወራ ይህን ብዙ አናነሳም። በኋላ ደግሞ ለንፋስ መከላከያና ለጥላ ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ የሚባል እሾሃም ዛፍ ከቁጥጥር ወጥቶ የቀረውን ግጦሽ ወረሰ። ከብት ፍሬውን ይበላል፣ ፍሬው ከእበቱ ጋር ይዘራል። ዛሬ ገዋኔና አሚባራ በኩል ስታልፉ የምታዩት አረንጓዴ አብዛኛው እሱ ነው። አያታላችሁ።

አሁን ወደ ቆሻሻው። ባሕር የሚደርስ ወንዝ የያዘውን ጉድ ባሕር ላይ ደፍቶ ይገላገላል። አዋሽ ግን የት ይድፋው? የአዲስ አበባ ፍሳሽ፣ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች፣ የእርሻው ማዳበሪያና ፀረ ተባይ፣ ሁሉም አገር ውስጥ ይቀራል። ቆቃ ውስጥ ይተኛል፣ አፈር ውስጥ ይገባል፣ ወይ አቤ ይደርሳል። በአቃቂ ዳር የሚበቅለው ሰላጣ፣ ጎመንና ቆስጣ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ከተማ ይገባል። ጥናት የሚያደርጉ ሰዎች በእነዚህ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል። ቅጠሉን በደንብ ማጠብ ጀርሙን ይቀንሳል፤ ከሥሩ ጠጥቶ የገባበትን ብረት ግን አያወጣውም።

እምቦጭም አለ። ብዙ ሰው እምቦጭ የጣና ጉዳይ ይመስለዋል። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው ግን ቆቃና አዋሽ ላይ ነው፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ። ጣና ላይ ጩኸት የተነሳው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ቆሻሻ የጠገበ ውሃ ለእምቦጭ ማዳበሪያ ነው፣ ስለዚህ ቆቃ ተመቸው። ቆቃ አንዳንዴ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት መስሎ ይታያል፤ ያ ደግሞ መርዝ ማመንጨት የሚችል ጥቃቅን ዋቅላሚ (አልጌ) ነው።

ይህም ሆኖ አዳማ የሚጠጣው አዋሽን ነው፣ ተጣርቶ። ለምን የጉድጓድ ውሃ አይጠጡም ትሉ ይሆናል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ አለት ፍሎራይድ እየቀሰመ ስለሚወጣ ነው። ፍሎራይድ በልኩ ጥርስ ይጠብቃል፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን ልጅነቱን በዚያ ውሃ ያሳለፈ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፣ ዘመን ሲቆጠር አጥንት ውስጥ ገብቶ ወገብና መገጣጠሚያ ያደርቃል። የወንጂ የሸንኮራ ሠራተኞች ይህን በገላቸው የቀመሱ ናቸው። እዚያ አካባቢ ያደገን ሰው አንዳንዴ ሲስቅ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ምርጫው በቆሸሸ ግን ሊጣራ በሚችል የወንዝ ውሃና ጥርት ብሎ በሚጎዳ የጉድጓድ ውሃ መካከል ነው።

ከቆሻሻው ይልቅ ዝም ብሎ የሚሠራው ጠላት ደግሞ ጨው ነው። ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ ድስት ላይ ረስታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ነጭ ሆኖ ድስቱ ላይ ይቀራል። መስኖም እንዲሁ ነው። በእንዲህ ያለ ሙቀት ማሳ ላይ ውሃ ለቅቀህ ማፋሰሻ ካላበጀህለት፣ ውሃው ይተናል፣ ጨው አፈሩ ላይ ይቆያል። ከዓመት ዓመት ይደራረባል። አሚባራ በኩል በዚህ ምክንያት ታርሶ የተተወ መሬት ብዙ ነው። መልካ ወረር ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል አንዱ ሥራው ይኸው ነው፤ ጨው የሚችል ሰብል መፈለግ፣ አፈሩን ማጠብ።

መተሐራ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ይህን ጉዳይ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከ60 ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ የነበረ ትንሽ ጨዋማ ኩሬ ነበር። አሁን ከ40 በላይ ነው። አገር ሐይቅ ደረቀብኝ ሲል እዚህ ሐይቅ እየሰፋ አስቸገረ። አስፋልቱንና የድሮውን ሐዲድ ውጦ ከፍ ተደርገው እንዲሠሩ አስገደደ፣ የሸንኮራ ማሳም በላ። ምክንያቱ ላይ ባለሙያዎች ይከራከራሉ። ከመስኖው ወደ ታች የሚሰርገው ውሃ ነው የሚሉ አሉ፣ ከምድር በታች ያለው የፍል ውሃ መንገድ ተለውጦ ነው የሚሉም አሉ። ለመቀነስ ሲባል ውሃው በልክ ወደ አዋሽ ይለቀቃል። መተሐራን ያስጨነቀው ጨው በዚህ ዓይነት ወደ አሚባራ ይላካል ማለት ነው። ሌላ መላ ጠፍቶ ይሆናል፤ ግን ከላይ ያለ ሰው ችግሩን ወደ ታች መላክ ምን ያህል እንደሚቀለው ያሳያል። ስለ ታችኛውና ላይኛው ተፋሰስ ከካይሮ ጋር ስንሟገት የኖርን ሰዎች፣ በገዛ ቤታችን ውስጥ ያንኑ ሙግት ማየት አለብን።

ስለ አዋሽ ጽፎ ድንቅነሽን መተው አይቻልም። የተገኘችው በታችኛው አዋሽ፣ ሃዳር ነው፣ ኅዳር 15 ቀን 1967። ቀኑን ልብ ላለ ሰው፣ ደርግ 60ዎቹን ባለሥልጣናት በረሸነ ማግስት ነው። አገር በዚያ ድንጋጤ ላይ እያለ አሜሪካዊው ተመራማሪ ዶናልድ ዮሐንሰን ከሸለቆው 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ አፅም ለቀመ። ድንቅነሽ ብቻዋንም አይደለችም። አራሚስ ላይ 4.4 ሚሊዮን ዓመት የሆናት አርዲ፣ ጎና ላይ 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የድንጋይ መሣሪያ፣ ሄርቶ ላይ 160,000 ዓመት ገደማ የሆኑት የእኛው ዓይነት ሰዎች፣ ሁሉም የአዋሽ ናቸው። መልካ ቁንጥሬም ከባልጪት ጋር በ2016 ሐምሌ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ለምን አዋሽ? የሰው ዘር እዚህ ብቻ ስለኖረ አይደለም። አፅም ተጠብቆ እንዲቆይ ሦስት ነገር ያስፈልጋል። ቶሎ መቀበር አለበት፤ እየሰመጠ ባለ ሸለቆ ውስጥ ወንዝና ሐይቅ በየዓመቱ ደለል ያለብሱታል። ዕድሜው መታወቅ አለበት፤ በየመሃሉ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመድ ይነጠፋል፣ አመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም እየተለወጠ የሚሰጠው አርጎን ጋዝ ተለክቶ ዘመኑ ይሰላል። በመጨረሻም ከተቀበረበት መውጣት አለበት፤ መሬቱ ሲሰነጠቅና ከፍ ዝቅ ሲል፣ ድንገተኛ ጎርፍ ደለሉን ሲሸረሽር አጥንቱ ፊት ለፊት ብቅ ይላል። የአፋር እረኛን የሚያስመርረው ያ የተቦረቦረ ምድር ነው ተመራማሪውን የሚያስፈነድቀው።

መሬቱ ሥራውን አልጨረሰም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጡ አልቆም ብሎ ሰዎች ከቀያቸው ወጡ፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለውን ሰው ሳይቀር ከአልጋው አስነሳ። ያን ጊዜ ትልቁ ሥጋት ከሰም ግድብ ነበር። የተሠራው እዚያው የሚሰነጠቀው ሸለቆ አጠገብ ነውና።

ከመንቀጥቀጡ ይልቅ በየዓመቱ የሚመጣው ፈተና ግን ጎርፉ ነው። በ2012 ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አፈናቀለ። ቆቃ ላይ ተቀምጦ ውሃ የሚለቅ ባለሙያ ምን ያድርግ? ሐምሌ ላይ ሐይቁን ከሞላው፣ ነሐሴ ላይ ተጨማሪ ዝናብ ሲመጣ መያዣ ያጣል፣ በሩን መክፈት ግድ ይሆንበታል። የለቀቀው ውሃ ታች ሲደርስ ደግሞ ከሰምና ቦርከና በራሳቸው ጊዜ ሞልተው ይጠብቁታል። ጎርፉን ፈርቶ ቦታ ቢተው፣ ዝናቡም ቶሎ ቢወጣ፣ ግንቦት ላይ ጥጥ ሲዘራ ውሃ የለም፤ ሸንኮራውም፣ መብራቱም፣ አዳማም በአንድነት ይጮኻሉ። ቆቃ ደግሞ ከተሠራ ወዲህ የመያዝ አቅሙን ብዙ እጅ ደለል ወስዶበታል። ደለሉ የሚመጣው ከበቾ፣ ከሞጆና ከደጋው ማሳ ተጠርጎ ነው። አሳኢታ ያለው አርሶ አደር ስለ ጊንጪ ገበሬ እርከን የሚያሳስበው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ተያይተው ባያውቁም።